ገብር ኄር ከመድረሱ በፊት፦ የምጽዋት ቀናችንን እንዴት እናዘጋጅ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ይህችን ጽሑፍ ማታ ማዳም ከተኛች በኋላ በመኝታችሁ፣ ወይም እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትመጡ በሰርቪስ ውስጥ ሆናችሁ ለምታነቡ ሁሉ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛላችሁ።

በዓመት አንድ ቀን መርጦ ለተቸገረ መስጠት ዛሬ በዓለም ሁሉ የተለመደ ነገር ሆኗል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2012 ባሳለፈው ውሳኔ እማሆይ ቴሬዛ ያረፉበትን ሴፕቴምበር 5 ቀን የዓለም የበጎ አድራጎት ቀን ብሎታል። በዚያው በ2012 በአሜሪካ «ጊቪንግ ቱዝደይ» ወይም የመስጠት ማክሰኞ የሚባል ቀን ተጀምሮ ወደ ሌሎች አገሮች ተዛምቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ለእኛ ግን ነገሩ አዲስ አይደለም። ጾም፣ ጸሎትና ምጽዋት ተነጣጥለው አያውቁም። አያቶቻችን በዐቢይ ጾም ለነዳያን ያበሉት የነበረው ማንም ቀን ስለ ወሰነላቸው አልነበረም።

በቤተ ክርስቲያናችን የምጽዋት ቀን የሚደረገው በዐቢይ ጾም ስድስተኛ እሑድ፣ በገብር ኄር ነው። ገብር ኄር ማለት በጎ አገልጋይ ማለት ነው። አገልጋይነትን ደግሞ ከእናንተ በላይ የሚያውቀው ማነው? ማዳም ወደ ዱካን 20 ዶላር ሰጥታ ስትልክሽ ደረሰኙንና መልሱን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ትጠብቃለች። አንቺም ሳታጎድይ ታስረክቢያለሽ። እኔ ግን፣ በቅዱስ ቦታ የቆምኩት፣ በአንድ ወቅት ለእናንተ ገንዘብ ይህን ያህል እንኳ አልተጠነቀቅኩም። ስለዚህ ምክሩን ከመጻፌ በፊት ጥፋቴን ልናገር።

የፖስታው ታሪክ

በጥር 2020 በጥምቀት ሰሞን ነበር። ሁለት እህቶቻችንን ወደ አገር ለመላክ ገንዘብ እንድናሰባስብ ተነሣን። አንዷ ታማ ነበር። ሌላዋ ለወራት ደመወዟን ተከልክላ ከአሠሪዋ ቤት የወጣች ነበረች። ሳይታሰብ፣ ሳይዘጋጅ፣ ከቅዳሴ በኋላ በአንድ ማስታወቂያ ብቻ ሕዝቡ ያለውን አወጣ። የብዙው ሰው ገንዘብ የሊባኖስ ሊራ ነበር። አባታችን «ዲያቆን፣ አንተ ያዘው» አሉኝ። እኔም ብቻዬን ቆጠርኩት፣ በራሴ ደብተር ጻፍኩት፣ በፖስታ አድርጌ በመሳቢያ ቆለፍኩበት። የወረቀታቸው ጉዳይ እስኪያልቅ ይቆይ ብዬ አሰብኩ።

ወረቀቱ ዘገየ። ማርች 18 ቀን 2020 በኮሮና ምክንያት የቤይሩት አውሮፕላን ማረፊያ ተዘጋ። ጁላይ 1 ቀን ሲከፈት ፖስታውን አወጣሁ። አንድም ወረቀት አልጎደለም፤ ዋጋው ግን ሄዷል። ለብዙ ዓመታት አንድ ዶላር በ1,507 ሊራ ሲመነዘር ኖሮ፣ በጥር ወር በጥቁር ገበያ ከ2,000 አልፎ ነበር። በጁላይ መጀመሪያ ግን ከ8,000 በላይ ሆነ። ሁለት ትኬት ይገዛ የነበረው ገንዘብ አንድ ትኬት እንኳ መሙላት አቃተው።

በዚያ ላይ ወሬው መጣ። «ገንዘቡን በሉት» ተባለ። እኔ እንዳልበላሁት እግዚአብሔር ያውቃል። ነገር ግን አብሮኝ የቆጠረ ሰው የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ ለሕዝብ የተነበበ ሒሳብ የለም። ታዲያ ያወሩትን ሰዎች በምን ልውቀስ? በጁን 2020 በኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ አሠሪዎቻቸው ጥለዋቸው ከነሻንጣቸው አስፋልት ላይ ያደሩትን እህቶቻችንን ታስታውሳላችሁ። ከሁለቱ አንዷ ከእነርሱ መካከል ነበረች። በኋላ በሌሎች ሰዎች እርዳታ አገሯ ገባች። ከአዲስ አበባ ደውላ የነገረችኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ዲያቆን፣ ተቀምጦ ከሚያልቅ ያኔ ብትሰጡኝ ቢያንስ በልቼበት ነበር» አለችኝ።

በገብር ኄር ወንጌል መክሊቱን መሬት ቆፍሮ የቀበረው አገልጋይም አልሰረቀም (ማቴ. 25፥14-30)። የተፈረደበት አደራውን ቀብሮ በማስቀመጡ ነው። እኔም በመሳቢያ ቀብሬ ነበር።

ሐዋርያው ጳውሎስ እንዴት አዘጋጀ?

ከዚያ በኋላ ከኮሚቴው ጋር ተቀምጠን መጽሐፍ ገለጥን። በኢየሩሳሌም ለተቸገሩት ምእመናን ቅዱስ ጳውሎስ ገንዘብ ያሰባሰበበትን ሥርዓት ብታነቡ ትደነቃላችሁ። መጀመሪያ፣ እርሱ ሲመጣ ግርግር እንዳይሆን እያንዳንዱ በየሳምንቱ እሑድ እንደ ገቢው እያስቀመጠ እንዲያጠራቅም አዘዘ (1ኛ ቆሮ. 16፥1-2)። ሁለተኛ፣ ስጦታው በግድ የወጣ እንዳይመስል ቀድመው የሚያዘጋጁ ወንድሞችን ላከ (2ኛ ቆሮ. 9፥3-5)። ሦስተኛ፣ ገንዘቡን ብቻውን አልያዘም። ማንም እንዳይነቅፈው፣ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እንደሚያስብ ጽፎ የታመኑ ሰዎችን ጨመረ (2ኛ ቆሮ. 8፥18-21)። ሐዋርያ ሆኖ ሳለ «እኔን እመኑኝ» አላለም። እንግዲህ እኔ ማነኝ?

እኛም በዚሁ መንገድ የጾሙን እሑዶች ለዝግጅት ተጠቀምንባቸው። ሥርዓቱ እንዲህ ነው።

በዘወረደ፦ ለማን ነው የምንሰበስበው?

በመጀመሪያው እሑድ ኮሚቴው አንድ ጉዳይ ብቻ ይመርጣል። «ለተቸገሩ እህቶች» ብሎ መጥራት ለማንም አይደለም እንደ ማለት ነው። «ለሁለት እህቶች ትኬትና ሊሴ ፓሴ» ካልን ግን ሰው ሁሉ ይገባዋል። ወጪው አስቀድሞ ይጠየቃል። ትኬቱ ስንት ነው? የሐኪም ቤቱ ዕዳ ስንት ነው? የመኖሪያ ፈቃዷ ያለፈባት ከሆነ ለመውጣት ምን ይጠየቃል? የወረቀቱ ጉዳይ የሚጀመረውም በዚሁ ሳምንት ነው። ገንዘብ ተሰብስቦ ወረቀት ከሚጠበቅ፣ ወረቀቱ ቀድሞ ገንዘቡን ይጠብቅ። የ2020 ጥፋታችን ግማሹ ይኸው ነበር።

ከዚያ ድምሩ ለሰው ይከፋፈላል። በ2018 ለዲያስፖራው «በቀን አንድ ዶላር» ተብሎ የቀረበው ጥሪ በሁሉም አፍ የገባው ቁጥሩ ትንሽና ግልጽ ስለነበረ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ስለዚህ «የምትችሉትን» ከማለት ይልቅ «በየእሑዱ አንድ ዶላር፣ ለአምስት እሑድ» እንላለን። ያላት ትጨምራለች፤ የሌላት አታፍርም።

በቅድስት፦ ገንዘቡን ማን ይይዛል?

በሁለተኛው እሑድ ሦስት ሰዎች ይመረጣሉ። የሚመርጣቸው ሕዝቡ ነው። ሦስቱም ከአንድ ሰፈር ወይም ከአንድ አገር ልጆች አይሁኑ። በሐዋርያት ዘመን ሰባቱ ዲያቆናት የተሾሙት ለምን እንደሆነ አስታውሱ። ከሌላ አገር የመጡና ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ መበለቶች በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ ተረስተው ስለነበረ ነው (ሐዋ. 6፥1-6)። መፍትሔውም የተገኘው በስም የታወቁ፣ ሕዝብ የመሰከረላቸውን ሰዎች በመምረጥ ነበር።

ከሦስቱ አንዷ ቁልፉን ትይዛለች፣ ሁለተኛዋ ደብተሩን፣ ሦስተኛዋ ደረሰኙን። ዲያቆኑ ምንም አይይዝም! ይህን ሕግ ራሴ ነኝ ያቀረብኩት።

በምኩራብ፦ የገንዘቡ ንጽሕና

ጌታችን የገንዘብ ለዋጮችን ገበታ የገለበጠበትን ወንጌል በምንሰማበት እሑድ (ዮሐ. 2፥13-16) ስለ ገንዘብ አያያዝ በግልጽ እንነጋገራለን። የወሰንናቸው አምስት ነገሮች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ሳጥኑ የሚከፈተው ሦስቱም ባሉበት ነው፤ ተቆጥሮ ሦስቱም ይፈርማሉ። ሁለተኛ፣ በሊራ የገባው በዚያው ዕለት ወይም በማግስቱ ወደ ዶላር ይመነዘራል፤ የመነዘሩበት ዋጋም ይጻፋል። ሦስተኛ፣ ገንዘቡ በተቻለ መጠን በችግረኛዋም በኮሚቴውም እጅ አይዞርም፤ ትኬቱ ከትኬት ቢሮው ይገዛል፣ ዕዳው ለሐኪም ቤቱ ይከፈላል፣ ደረሰኙም ይመጣል። አራተኛ፣ ከዐሥር አንድ እጅ ለድንገተኛ ችግር ይቀመጣል። አምስተኛ፣ ስሟ እንዲጻፍ የማትፈልግ እህት በቁጥር ደረሰኝ ታገኛለች። ግራ እጅ ቀኝ እጅ የምታደርገውን አትወቅ የተባለው (ማቴ. 6፥3) የሰጪውን ስም ለመሰወር እንጂ የሒሳቡን ደብተር ለመደበቅ አይደለም።

በመጻጉዕ፦ ችግሩን እንዴት እንናገር?

መጻጉዕ ሠላሳ ስምንት ዓመት በመጠመቂያው ዳር ተኝቶ፣ ጌታ ሲጠይቀው ሰው የለኝም ብሎ መለሰ (ዮሐ. 5፥1-9)። በስደት ከዚህ የሚከብድ ነገር የለም። ጥሪውን በይፋ የምናውጀው በዚህ እሑድ ነው። ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የታመመችውን እህት ፎቶ አንሥቶ በፌስቡክና በዋትሳፕ መልቀቅ ብዙ ጊዜ ይደረጋል። ልጆቿ ያዩታል፤ እናቷ ሰምታ ትታመማለች። አሠሪዋ ወይም ደላላው ካያትም ሌላ ጣጣ ይመጣባታል። ጌታ መጻጉዕን የጠየቀው ልትድን ትወዳለህን ብሎ ነው። እኛም አስቀድመን እርሷን እንጠይቅ። «ስምሽ ይነገር? ምን ያህሉ ይነገር?» እንበላት። እምቢ ካለች «አንዲት እህታችን» ማለት ይበቃል። ከቃሏ በላይ አንድ ዐረፍተ ነገር አንጨምር።

ደግሞም በድምፅ መልእክት እያለቀሱ ገንዘብ ላኩልኝ የሚሉ አታላዮች አሉ። የማታውቋት ሰው ከሆነች ከመላካችሁ በፊት ሁለት የሚያውቋት ሰዎች ጠይቁ። ኮሚቴውን ብትጠይቁም እናጣራላችኋለን።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ላላችሁ እህቶች

ይህ ጽሑፍ በዱባይ፣ በኩዌትና በጅዳ ላላችሁም ስለሚደርስ አንድ ከባድ ማሳሰቢያ አለን። ያላችሁበት አገር ሕግ እንደ እኛ አይደለም። በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ፈቃድ የሌለው ሰው ለበጎ አድራጎት ብሎ ገንዘብ መሰብሰብ አይችልም። በ2021 የወጣው የፌዴራል ሕግ መዋጮን የመሰብሰብ ሥልጣን ፈቃድ ላላቸው ተቋማት ብቻ ሰጥቷል፤ የሚተላለፍ ሰውም በእስራትና በከባድ መቀጮ ሊቀጣ ይችላል። በዋትሳፕ ወይም በፌስቡክ ጥሪ ማስተላለፍም ያስከስሳል። በኩዌትና በሳዑዲ ዐረቢያም ያለ መንግሥት ፈቃድ መሰብሰብ ክልክል ነው።

«እኔኮ ለታመመች ጓደኛዬ ነው» ማለት ከክስ አያድንም። ስለዚህ እዚያ ያላችሁ በራሳችሁ ስብስባ አትጀምሩ። ፈቃድ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ወይም የበጎ አድራጎት ድርጅት ጠይቁ፤ ወይም ጉዳዩን ለቆንስላው አመልክቱ። ሌላውን ለማዳን ስትሉ ራሳችሁ እስር ቤት እንድትገቡ እግዚአብሔር አይጠይቃችሁም።

በደብረ ዘይት፦ ማን ምን ይሠራል?

ተዘጋጅታችሁ ኑሩ የሚለውን ወንጌል በምንሰማበት እሑድ (ማቴ. 24) ሥራ እንከፋፈላለን። የእኛ ችግር ሰዓት ነው። አንዷ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ፈቃድ አላት፤ ሌላዋ የምትወጣው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው፤ ሌላዋ ከነጭራሹ አትወጣም። ስለዚህ ዝርዝር እናወጣለን። ቀድማ የምትመጣው ወንበር ትደረድራለች። ሽሮና ምስሩን በየተከራየችበት ክፍል ማሠራት የምትችለው በቅዳሜ ሌሊት ትሠራለች። ቡና የምታፈላ፣ ሳጥኑ አጠገብ የምትቀመጥ፣ የሚያጸዱ ሁሉ በስም ይታወቃሉ።

መውጣት የማትችል እህትስ ምን ታድርግ? እርሷም ድርሻ አላት። ባለፉት ዓመታት አንዲት እህት ከቤት ሳትወጣ ሁለት ትልልቅ ሥራ ሠርታልናለች። በዐረብኛ ችሎታዋ ከሐኪም ቤቱ ጋር በስልክ ተነጋግራ ዕዳው እንዲቀነስ አድርጋለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ የታመመችው እህት ቤተሰቦች እንዳይደነግጡ ቀስ አድርጋ ደውላ አስረድታለች። ይህ በደብተራችን በገንዘብ አልተጻፈም፤ በሰማይ ግን ተጽፏል።

በገብር ኄር፦ ዕለቱና ሁለት ፈተናዎቹ

ዕለቱ ሲደርስ ሁለት ነገር እንጠንቀቅ። የመጀመሪያው ጨረታ ነው። በጃንጥላና በድፎ ዳቦ ጨረታ ማካሄድ የቆየ ልማዳችን ነው፤ ደስታም አለው። ነገር ግን እልልታው ሲደምቅ ሞቅ ብሏት የወር ደመወዟን የምትጠራ እህት አለች። ማግስቱን ለልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚላክ ታጣለች። 200 ዶላር ለምታገኝ ሴት 5 ዶላር ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ለጨረታው ጣሪያ አበጅተናል፤ ከዚያ በላይ የምትጠራ ካለች አስተናጋጁ እያመሰገነ ያቆማታል። ሁለት ሳንቲም የሰጠችውን መበለት ጌታ ያመሰገናት (ማር. 12፥41-44) ሌላዋ ከእርሷ ጋር እንድትፎካከር አይደለም።

ሁለተኛው ቃል መግባት ነው። በወረቀት የተገባ ቃል ገንዘብ አይደለም። እኛ ኮሚቴዎች ቃሉን እንደ ገቢ ቆጥረን ትኬት ከያዝን እንወድቃለን። የተገባው ቃል በሌላ ገጽ ይጻፋል፤ የሚወጣው በእጅ የገባው ብቻ ነው። ቃል ገብታ ያልተመቻትንም ማንም በሰው ፊት አይጠይቃት። ሥራ ተከልክላ ይሆናል፤ ደመወዝ ዘግይቶባት ይሆናል።

በኒቆዲሞስ፦ ሒሳቡና ምስጋናው

ኒቆዲሞስ በሌሊት ወደ ጌታ የመጣ ሰው ነው (ዮሐ. 3፥1-2)። የእኛም ኒቆዲሞሶች አሉ። እሑድ መምጣት ስላልቻሉ ማታ በበር፣ በሚታመኑበት ሰው እጅ የሚልኩ ናቸው። የእነርሱም ተጨምሮ በዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሒሳቡ ይነበባል። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ለምን ወጣ፣ ስንት ቀረ። ወረቀቱ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለአንድ ወር ይለጠፋል። ጠያቂ ከመጣ አንቆጣም። ይሁዳ ከረጢቱን ይይዝ እንደነበርና ከሚገባው ይወስድ እንደነበር በወንጌል ተጽፏል (ዮሐ. 12፥6)። ከጌታ ደቀ መዛሙርት መካከል ይህ ከሆነ፣ የእኛን ሒሳብ መጠየቅ ጥርጣሬ አይደለም፤ እኛንም ከፈተና መጠበቅ ነው።

አገሯ የገባችው እህት ደግሞ በድምፅ «ደርሻለሁ» የምትል መልእክት ከላከች፣ በፈቃዷ ለሁሉም እናሰማለን። ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም።

ያቺ ከዐሥር አንዷ

ብዙ ሰው «መጠባበቂያ ለምን? ሁሉም አሁን አይሰጥም ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን በ2024 አየነው። በሴፕቴምበር 23 ከባዱ ድብደባ ሲጀመር ከደቡብ ሊባኖስና ከቤይሩት ደቡብ ሰፈሮች ሕዝቡ ሸሸ። አንዳንድ አሠሪዎች እህቶቻችንን በር ቆልፈውባቸው፣ አንዳንዶቹም መንገድ ላይ አውርደዋቸው ሄዱ። ወደ መጠለያ ሲሄዱ «ይህ ለሊባኖሳውያን ነው» ተብለው የተመለሱ አሉ። በአሽራፊዬ ያለው የኢየሱሳውያን የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በሩን ለስደተኛ ሠራተኞች ከፍቶ ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ወደ እኛም ማታ በፌስታል ልብሳቸውን ይዘው የመጡ ነበሩ።

በዚያች ሌሊት ጥሪ ለማድረግ ጊዜ አልነበረም። ሦስቱ ገንዘብ ያዦች ተደዋወሉ። ሁለቱ መምጣት ቻሉ፤ ሦስተኛዋ ከማዳም ቤት መውጣት ስላልቻለች በስልክ ተስማማች፤ በማግስቱ እሑድ ፈረመች። በዚያው ምሽት ከመጠባበቂያው ፍራሽ፣ ብርድ ልብስና ውኃ ተገዛ። ገንዘቡ ብዙ አልነበረም። ግን በዶላር ነበር፤ የት እንዳለ ይታወቅ ነበር፤ ማን እንደሚከፍተውም ይታወቅ ነበር። እኔ ፍራሹን ተሸክሜ ደረጃውን ስወጣ ያቺ በ2020 የደወለችልኝ እህት ድምፅ በጆሮዬ ነበር።

እህቶቼ፣ በመጪው ዘወረደ ከቅዳሴ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ቆዩልን። ገንዘብ ይዛችሁ ኑ አንልም። በመጀመሪያ የምንፈልገው ሦስት የምትታመኑ፣ መቁጠርና መጻፍ የምትችሉ፣ «ዲያቆን፣ ይህ ልክ አይደለም» ለማለት የማትፈሩ እህቶችን ነው። ጥቂት ታምኖ ብዙ ላይ የሚሾም አምላክ በሰው ቤት የምታፈስሱትን ላብ ይቍጠርላችሁ፤ ለአገራችሁም በሰላም ያብቃችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።